ልጄን ስጠብቅ የበላሁት ዓሣ

ቺያንግ ማይ የሚባል ከተማ አለ፤ ታይላንድ ውስጥ። እግሬ ረግጦት አያውቅም። ነገር ግን በየትኛው መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ሩዙ ሥር እንቁላል እንደሚደብቅ ብትጠይቁኝ ሳልሳሳት እነግራችኋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበትን የአሜሪካውን ኮሎምበስን ግን እንዲህ አላውቀውም። ከሞርስ ሮድ ተነስቼ ዳውንታውን ለመድረስ ዛሬም ስልኬ ካልመራኝ ሌላ ስቴት እገባለሁ።

ይህ ሁሉ እውቀት ከየት መጣ ብትሉ፣ በልጅ መጣ። የወላጅ እውቀት ግማሹ በልጅ ይመጣል። ግማሹ ደግሞ በልጅ ይጠፋል።

ልጄ ሶልያና ትባላለች። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር። በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ሰመር፣ ኮቪድ በረድ ሲል፣ ኮሌጇ ለሁለት ወር ቺያንግ ማይ ሄዳ ሕፃናትን እንግሊዝኛ እንድታስተምር ላካት። ኤርፖርት ስንሸኛት አባቷ ስለ ፓስፖርቷ መከራት፣ ስለ ክትባት ወረቀቷ መከራት፣ ስለ ትንኝ መከራት። እኔ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፍልሰታ እዚያ እያለሽ ነው የሚገባው።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ቤተ ክርስቲያን በአጠገብሽ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ምግባቸውን አታውቂውም።»

«እማ፣ አይ ጋት ዩ» ብላ አቀፈችኝ፤ አለሁልሽ ማለቷ ነው።

አይ ጋት ዩ የምትለኝ ሳህን እጠቢ ስላትም ነው። ሳህኑ እስከ ማታ እዚያው ነው።

ስለዚህ አላመንኳትም። ላምናት ይገባኝ ነበር። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ሰባት ዓመቷ እያለ በፍልሰታ ሰመር ካምፕ ልኬያት ነበር። ማታ ጂንሷን ላጥብ ኪሷን ስገለብጥ፣ የደረቀ ቺዝ ወጣ። እንደ መሐረብ በአራት ታጥፏል።

«ሶልዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ፒዛ ሰጡን።»

«ታዲያ ጾም ነው አትያቸውም ነበር?»

«አስተማሪዋ ራሷ ናት የሰጠችኝ። አልበላም ብላት ታዝናለች።»

ቺዙን ልጣ ኪሷ ከትታ፣ ቂጣውን በልታለች። አስተማሪዋም አላዘነች፣ ጾሙም አልተሻረ። እርግጥ ቂጣው ራሱ ወተት ሳይነካው አይቀርም። ግን ያን ቀን ዝም አልኩ። እመቤታችንም ዝም ያለች ይመስለኛል።

ከፍልሰታ ሁሉ የማልረሳው ግን የሁለት ሺህ ሃያውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው እየቆጠሩ የሚያስገቡበት ጊዜ ነበር። እኔና ሶልያና ነጠላችንን ለብሰን ኩሽና ውስጥ ቆምን። ስልኩን በጨው ዕቃው አስደግፈን ቅዳሴውን ተከታተልን። ኢንተርኔቱ በመሐል ሲቆም ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ድርቅ ይላሉ፤ እኛም እንደ እሳቸው ደርቀን እንጠብቃለን። አባቷ ሳሎን ሆኖ «ቀጠለ ወይ?» ይላል። ሲጨርስ እኔና እሷ ሽምብራ ቆሎ ይዘን ከኋላ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ልጅቷ የምትሄድበት የላትም፣ እኔም የምቸኩልበት ሥራ የለኝም። ዓለም ተጨንቆ ሳለ እኔ ልጄን አገኘሁ። ለዚህ ማመስገን ነውር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን አመሰገንኩ።

በዓመቱ ዶርም ገባች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትበላ አላውቅም። አልጠየቅኳትምም። ደጋግማ የምትጠይቅ እናት የማትፈልገውን መልስ ታገኛለች።

እንግዲህ የፈራሁት እንቁላሉን ብቻ አልነበረም። ያችን በረንዳ እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ጾሙን የተወችው ቀን፣ በረንዳችንንም አብራ የምትተወው መሰለኝ። ስለዚህ ልጄ ቺያንግ ማይ ውስጥ ሳትጠራጠር የምትበላበት አንድ የታመነ የጾም ቤት እኔ ራሴ ከኮሎምበስ ሆኜ ልፈልግላት ተነሣሁ።

የምሠራው ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በእረፍቴ ሰዓት ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጬ ሰው ስለ ምግብ ቤቶቹ የጻፈውን ሪቪው ማንበብ ጀመርኩ፤ የጾም ምግብን ቬጋን ይሉታል። አንዱ «የከተማው ምርጥ ቬጋን ቤት» ብሎ አምስት ኮከብ ይሰጥና፣ ዝቅ ብሎ «ኦምሌቱ ልዩ ነው» ይላል። ሌላዋ አምስት ኮከብ ሰጥታ ከሥሩ የዶሮ እግር ፎቶ ለጥፋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮከብ ማመን ተውኩ። ኮከብ ተከትለው ካሰቡበት የደረሱት ሰብአ ሰገል ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ከምግብ ቤቶቹ ለአንዱ ስልክ ደወልኩ። ከእኛ በአሥራ አንድ ሰዓት ስለሚቀድሙ፣ እኔ ሥራ ሳልገባ ጠዋት ስደውል እነሱ ራት ላይ ናቸው። አንዲት ሴት አነሳች።

«ምግባችሁ ቬጋን ነው?» አልኩ።

«የስ፣ የስ።»

«እንቁላል የለበትም?»

«የስ።»

«እንቁላል አለበት?»

«የስ፣ የስ! ዌልካም!»

አልፈረድኩባትም። እኔም አሜሪካ በገባሁበት ዓመት ለሁሉም መልሴ የስ ነበር። በዚሁ የስ አንድ ጊዜ ጤነኛ ጥርሴን ተነቅያለሁ።

ጾሙ ሊገባ ሆነ። ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶልያና ዘንድ ደወልኩ።

«ሶልዬ፣ ነገ ጾም ይገባል። እንዳትረሺ ብዬ ነው።»

«እማ፣ እዚህ እኮ ነገ ሆኗል» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ይህን አላሰብኩም ነበር። ጾሙ እኔን ሳይጠብቅ እዚያ ገብቷል።

«ቁርስ በልተሻል?»

«ሙዝ።»

«ሙዙን አሳዪኝ።»

ልጣጩን አሳየችኝ። ልጣጭ ምስክር እንደማይሆን ባውቅም ተቀበልኩ። ግን ልቤ አላረፈም። የታይላንድን ምግብ ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አለብኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሞርስ ሮድ ላይ ነበረ።

ሞርስ ሮድ ላይ የሌለ አገር የለም። ከጎማ ቤቱና ከሶማሌዎቹ ጨርቅ ቤት መካከል አንዲት ትንሽ የታይላንድ ምግብ ቤት አለች። ስንት ዓመት በመኪና አልፌያታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ገባሁ። ባለቤቷ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት፤ ስሟ ኖይ። ታላቄ ስለሆነች እትዬ ኖይ አልኳት። ምን ማለት ነው ስትል አስረዳኋት። «እኛም ታላቅን በስሙ ብቻ አንጠራም፤ ፒ እንላለን» ብላ ደስ አላት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

እኔ አሜሪካ ውስጥ ምግብ ሳዝዝ የምላት ነገር አለችኝ። እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ነው የያዝኳት። «ኖ ሚት፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ በተር፣ ኖ ኤግ።» እትዬ ኖይ በጣቶቿ እየቆጠረች ደገመችልኝ። አንዱንም አልሳተችም። አንጀቴ ራሰ። ይህች ሴት የታመነች ናት አልኩ።

ያመጣችልኝ ያልበሰለ ፓፓያ ነው። በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ ከቲማቲምና ከሎሚ ጋር በሙቀጫ ተወቅጧል። ቀመስኩ። አምላኬ! ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ብዙ ፍልሰታ ጾሜያለሁ፤ የጾም ምግብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። መጠርጠር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። የጾም ምግብ ራሱን ካስረሳ አንድ ነገር አለው። እኔ ግን አልጠረጠርኩም። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ተመለስኩ። ማክሰኞም ተመለስኩ። እትዬ ኖይ በየቀኑ ሳህኑን እየሞላች ትሰጠኛለች፤ ደግሞም በሐዘን ዓይን ታየኛለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ማክሰኞ ማታ ሳህኑን ፎቶ አንስቼ ለሶልያና ላክሁ። «ይሄን እዘዢ። ንጹሕ ጾም ነው። እናትሽ ሦስት ቀን መርምራዋለች» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ደወለች።

«እማ፣ ፎቶውን ዙም አድርጊው።»

«አደረግኩት።»

«ብርቱካንማዎቹ ትንንሽ ነገሮች ይታዩሻል?»

«አዎ። ቃሪያ ናቸው።»

«ቃሪያ ዓይን አለው?»

መነጽሬን አደረግኩ። ዓይን አላቸው። ሁለት ሁለት። ወደ እኔ ያያሉ።

«ደረቅ ሽሪምፕ ነው፣ እማ፤ ትንንሽ የባሕር ፍጥረት። መረቁም ፊሽ ሶስ ነው። ዓሣ በጨው ዘፍዝፈው ብዙ ወር አቆይተው የሚያወጡት ውኃ ነው። እኔ እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅኩት። አንቺ… ስንት ቀን በላሽ?»

መነጽሬን አወለቅኩ።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። እሱ የዓሣ ወገን ነው። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም እያልን ስንከራከር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማሸንፈው።

«እኔ በጾም ዓሣ ይበላል ስል አረመኔ አድርገሽኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ሽሪምፕ ዓሣ አይደለም» አልኩ ተናድጄ።

«ታዲያ ምንድነው? ጎመን ነው?»

ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነው።

በማግስቱ እትዬ ኖይ ዘንድ ሄድኩ። ልቆጣት ነበር አሳቤ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ምን ብዬ እቆጣታለሁ? እሷ ያልኳትን አንድ በአንድ ፈጽማለች። ሥጋ አላደረገችም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አላደረገችም። ዓሣን እኔ ነኝ ያልጠራሁት። ዓሣ ሰላጣ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል ብዬ! እኛ አገር ዓሣ ሲመጣ ከነጭንቅላቱ ሳህን ሞልቶ፣ ራሱን አስተዋውቆ ነው የሚመጣው። ውኃ ሆኖ ሾልኮ የሚገባ ዓሣ ከየት ልወቅ?

ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጾም ነበርሽ? እኔ እኮ ነጭ ለብሰሽ ስትመጪ ሰው የሞተብሽ መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ በሐዘን ነጭ ይለበሳል። አሳዘንሽኝ። ለዚህ ነው ሽሪምፑን የጨመርኩልሽ።»

ከዚያ እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ ደግሞ እንባዬ መጣ። ስለ ሶልያና ነገርኳት። ከተማይቱን ስጠራላት ዓይኗ በራ። እናቷ የኖሩት እዚያ ነበር።

«እናቴም በዓመት አንዴ ከዘጠኝ ቀን ያላነሰ ይጾሙ ነበር» አለች። «ነጭ ለብሰው። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ሽንኩርት የለም።»

«ሽንኩርትም?» አልኩ።

«ሽንኩርትም። ስሜትን ያነሳሳል።»

ራሴን ዝቅ አደረግኩ። እኛ ሥጋና ቅቤ ትተን እንመጻደቃለን፤ ሰዎቹ ሽንኩርት ትተዋል። ያለ ሽንኩርት ወጥ መሥራት ያለ መሠረት ቤት መሥራት ነው። አምልኳቸው ሌላ ነው፤ ትዕግሥታቸውን ግን አከበርኩ።

እትዬ ኖይ ከማዘዣ ደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠለች። ባንዲራ ሳለችልኝ። «ቢጫ ነው፤ ጽሑፉ ቀይ ነው። ሁለት ፊደል። ለማያውቅ ሰው አሥራ ሰባት ቁጥር ይመስላል። ይህ የተሰቀለበት ቤት ምንም አይደብቅም። ቬጋን የሚለውን ጽሑፍ ትተወው፤ ይህን ትፈልግ።» ከሥሩ በራሷ ፊደል ረዘም አድርጋ ጻፈች። ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

«ይህች ልጅ ጾም ላይ ናት። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ፊሽ ሶስ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላል፣ ወተት አትበላም። እናቷ አሜሪካ ሆና ታያለች።»

የመጨረሻውን አላዘዝኳትም። ከራሷ ነው የጨመረችው። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ሁለት ሳምንት ኮከብ ስቆጥር ያጣሁትን ይህች ሴት በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ። እግዚአብሔር ያክብራት።

ከሦስት ቀን በኋላ ሶልያና ደወለች። ባንዲራዋን ገበያው ጥግ አግኝታዋለች። ከሥሯ አንዲት አሮጊት በትልልቅ ድስት ይሸጣሉ። ወረቀቱን አሳየቻቸው። አሮጊቷ አነበቡና ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አይተው፣ ከራሳቸው አጠገብ አስቀመጧት።

«እማ፣ አሁን በየቀኑ ይጠብቁኛል። ትናንት ከመንገድ ማዶ አይስክሬም ቤት አጠገብ ስቆም በጭልፋ ጠሩኝ።»

ሳቅኩ። ከዚያ በልቤ የነበረውን ጠየቅኳት።

«ባንዲራዋን ከማግኘትሽ በፊት ግን እንዴት አደረግሽ?»

«ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ምሳ ጋበዘችን። እንቁላል ጠብሳ በራሷ እጅ ሩዜ ላይ አደረገችልኝ። እያየችኝ ነበር።»

«እና?»

«በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።»

ስልኩን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ከዶርም በኋላ ስንት ጊዜ በልቤ ከስሻት ነበር! ልጄ ያችው ናት። ኪሷም ያው ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ስልኩን መልሼ ሳነሣ።

«ዳይሬክተሯ ጋ ትደውያለሽ ብዬ።»

እውነቷን ነው። እደውል ነበር።

የቀረው የእኔ ዕዳ ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ስንት ቀን ነው የበላሽው?» አሉ አባ።

«ሦስት ቀን፣ አባ። ሳላውቅ።»

«ጣፈጠሽ?»

ዝም አልኩ።

«ጣፍጦሻል» አሉ። ሳቃቸውን ሲውጡ ተሰማኝ። «አላወቅሽም፤ እሱ ያውቃል። ግን ልጄ፣ የሰው በር ስትጠብቂ የራስሽን ክፍት ትተሽ ሄደሻል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን ጹሚ።»

በዓሉ መጣ። ባለቤቴ ዶሮውን ከፊቴ ቁጭ ብሎ በላ። አጥንቱን ሲግጥ «ይሄ ዓሣ አይደለም፤ ቀረብ በይ» ይለኛል። እኔ በማግስቱ ጾሜን ጀመርኩ። ለሶልያና አልነገርኳትም። የነገራት እሱ ነው፤ ወሬ በእሱ ቤት አያድርም።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሥራ ስላልነበረኝ ለምሳ የሚሆን ሽሮ ልሠራ ኩሽና ገባሁ። ስልኩን በዚያው የጨው ዕቃ አስደግፌ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ሶልያና ብቅ አለች። እዚያ መሽቷል፤ ከኋላዋ ቢጫዋ ባንዲራ ትውለበለባለች።

«ሦስቱን ቀን አብሬሽ ነኝ» አለች።

«አንቺ ምን በደልሽና? ጨርሰሻል እኮ። ብዪ።»

«እማ፣ አይ ጋት ዩ።»

በዚህ መሐል አሮጊቷ ስልኩን ከእጇ ወሰዱት። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ኩሽናዬን ቃኙ፤ ድስቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ መክተፊያዬን አዩ። ጣታቸውን እያወዛወዙ ተቆጡ።

«ምን ይላሉ?» አልኩ።

ሶልያና ሳቋ እያነቃት ተረጎመች። «እናትሽ ጾም ናት አላልሽኝም ነበር ወይ? ሽንኩርቱ ምን ይሠራል? ነው የሚሉት።»

ልከራከር ነበር። የእኛ ሥርዓት ሌላ ነው፣ ሽንኩርት ለእኛ ተፈቅዷል፣ ልል ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው። ልጄን ያን ሁሉ ቀን ከአጠገባቸው አስቀምጠው የጠበቁልኝ ሴት ናቸው። ሽንኩርቱን ሰብስቤ ወደ ማቀዝቀዣው መለስኩት። ባዶ መክተፊያዬን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን ለልጄ መለሱ።

ሽሮውን ያለ ሽንኩርት ሠራሁ። ምሳ ላይ ባለቤቴ ከድስቱ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

«ይሄ ሽሮ ዛሬ ምን ጎድሎታል?» አለኝ።

የጨው ዕቃውን አየሁ። በረንዳውን አየሁ።

«ምንም» አልኩት። «ተመስገን፤ ምንም አልጎደለም።»